ማኅተሙ የት ላይ ነው? የህንድ ገዢዎችና የእንግሊዙ ኩባንያ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች

(ለታሪክ ወዳጆች ጉባኤ በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከማሸጊያው ልጀምር። በ18ኛው መቶ ዘመን አንድ የህንድ ናዋብ ወይም ራጃ፣ ማለትም የአገር ገዢ፣ ካልካታ ለሚቀመጠው የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ገዢ ደብዳቤ ሲልክ ወረቀቱ እንዲሁ ታጥፎ አይሄድም። ወረቀቱ ራሱ የወርቅ ብናኝ የተነሰነሰበት ነው። በቀጭኑ ይታጠፍና መጀመሪያ ከስስ ነጭ ጨርቅ በተሰፋ ከረጢት ይገባል፤ ያ ከረጢት ደግሞ በወርቅ ክር በተሠራ የሐር ከረጢት ይገባል። አፉ በሐር ገመድ ይታሰራል፤ ከገመዱ ላይ ትልቅ የሰም ማኅተም ይንጠለጠላል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ "ኸሪታ" ይባላል። ቃሉ ከእኛ "ከረጢት" ጋር መመሳሰሉ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ደብዳቤውን የሚጽፈው ናዋቡ ራሱ አይደለም። ሙንሺ የሚባል ጸሐፊ አለ፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ጸሐፌ ትእዛዙ የያዘውን ዓይነት ቦታ የያዘ ሰው። ቋንቋው ፋርስኛ ነው። ፋርስኛ የእንግሊዞቹ ቋንቋ አልነበረም፤ የአብዛኛው ህንዳዊም የአፍ መፍቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ቋንቋ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም በኩል የሚጽፉት ሙንሺዎች ናቸው፤ የኩባንያውን ደብዳቤ የሚጽፈውም፣ የናዋቡን የሚጽፈውም አንድ ዓይነት ትምህርት የተማረ፣ ምናልባትም የአንድ መንደር ሰው ነው። በየፍርድ ቤቱ በር ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉልንን ሰዎች አስቡ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሰው ዘንድ ቀርቤ ጉዳዬን ነግሬው ሲያበቃ፣ ከእኔ ነገር ይልቅ የኃላፊውን ማዕረግ በትክክል ለመጻፍ ሲጨነቅ አይቼዋለሁ። "እሱ ከተበላሸ ከታች ያለውን ማን ያነበዋል?" አለኝ። ሙንሺም ይህንኑ ነበር የሚለው።

የሙንሺው ዋና ጥበብ ማዕረግ መደርደር ነበርና። ለእኩያ የሚጻፈው ለታላቅ አይጻፍም። የህንድ ገዢዎች ሁሉ የበላይ ከነበረው ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የሚወርደው ትእዛዝ ፊርማን ይባላል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ዐርዝዳሽት፣ ማለትም አቤቱታ ነው። ማኅተምም ቦታ አለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከገጹ ራስ ላይ ያትማል፣ አመልካቹ ከወረቀቱ ጀርባ። የንጉሠ ነገሥቱ ስም በዓረፍተ ነገር መካከል ሲመጣ ጸሐፊው ቦታውን ባዶ ይተውና ስሙን ወደ ገጹ አናት ያወጣዋል። አንባቢው ዓይኑን ቀና አድርጎ ስሙን አንብቦ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ፊርማን ሲመጣ ደግሞ ተቀባዩ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ተቀብሎም ራሱ ላይ ያስቀምጠዋል።

እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። ኩባንያው መቼ ጌታ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የጦርነቶቹን ቀን ይቆጥራል። እኔ ማኅተሞቹን እዩ እላለሁ። ማኅተሞቹ ግን ይዋሻሉ፤ ኩባንያው አገሩን ከያዘ በኋላ እንኳ ለግማሽ መቶ ዘመን ያህል "አገልጋይህ ነኝ" ብሎ ያትም ነበር። ለምን? እርሱ ነው ጉዳዬ።

የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የተቋቋመው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በ1600 የመጨረሻዋ ቀን፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ቻርተር ነው። በ1615 ንጉሥ ጄምስ ሰር ቶማስ ሮን አምባሳደር አድርጎ ወደ ሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ወደ ጃሃንጊር ላከው። አምባሳደሩ የንጉሡ ነው፤ ደመወዙ ግን ከኩባንያው ነው። የሮ መከራ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። እርሱ የፈለገው ውል ነበር፤ አንቀጽ ያለው፣ ሁለት ወገን የሚታሰርበት። በሙጋል ቤተ መንግሥት ደግሞ ለነጋዴ ፊርማን ይሰጠዋል እንጂ ከነጋዴ ጋር ውል አይታሰርም። ፊርማን ቸርነት ነው፤ የሰጠ ይነሣዋል።

ሮ ካመጣው ገጸ በረከት አንዱ የእንግሊዝ ሠረገላ ነበር። ጃሃንጊር የውስጡን ከፈይ አስነቅሎ በተሻለ ጨርቅ አስለበጠው፤ የናስ ምስማሮቹንም በብር አስለወጠ። ይህ ለአምባሳደሩ በቂ መልስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሮ ከአጅሚር እስከ ማንዱ ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ ተንከራተተ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ማንዱ የወረደው በደካን ጦርነት ምክንያት ነው፤ ሙጋሎችን ደካን ላይ እንቅልፍ የነሣቸው ሰው ማን እንደነበር አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ከአገራችን በባርነት ተሸጦ ሄዶ የአሕመድናጋር እንደራሴ የሆነው ማሊክ አምባር። ጃሃንጊር የዕለት ተዕለት ነገሩን የጻፈበት ማስታወሻ አለው። በማስታወሻው ማሊክ አምባርን እየደጋገመ ይረግመዋል፤ የማሊክ አምባርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕልም አስሏል። ሦስት ዓመት ደጅ ስለ ጠናው ስለ እንግሊዙ አምባሳደር ግን አንድ መስመር አልጻፈም።

ጃሃንጊር ለጄምስ የላከው ደብዳቤ አምሮ ነው የሚጀምረው፤ ይህን ስትከፍት ልብህ እንደ አትክልት ስፍራ ይለምልም ይላል። ቀጥሎም በወደቦቼ ሁሉ የእንግሊዝ ነጋዴዎችን እንደ ወዳጄ ሰዎች ይቀበሏቸው ብዬ አዝዣለሁ ይላል። ልብ በሉ፤ አዝዣለሁ ነው ያለው። ሮ ሊሄድ ሲል ለኩባንያው የሰጠው ምክር ጥሩ ነበር፦ ትርፍ ከፈለጋችሁ በባሕር ላይና በሰላማዊ ንግድ ፈልጉት፤ ጦርነትና ንግድ አብረው አይሄዱም።

ምክሩን 70 ዓመት እንኳ አልያዙትም። በ1686 ኩባንያው በጆሳያ ቻይልድ መሪነት አውራንግዜብን ሊዋጋ ተነሣ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ በዚያን ጊዜ ከዓለም ባለጠጎች ግንባር ቀደም የሆነውን ንጉሠ ነገሥት ጥቂት መርከብ ያለው የነጋዴ ማኅበር ሊያስፈራራው። አውራንግዜብ ቦምቤይን የሚይዝለት ሰው አላጣም። የሙጋል ባሕር ኃይል አዛዥ የሆነው የጃንጂራው ሲዲ ያቁት ነበር፤ ሲዲዎቹ ሐበሾች ናቸው፤ ከእኛ ባሕር ማዶ የሄዱ ሰዎች ዘር። በ1689 ወታደሮቹን ቦምቤይ ላይ አሳርፎ እንግሊዞቹን በምሽጋቸው ውስጥ ከበባቸው። ኩባንያው ሁለት መልእክተኞች ወደ አውራንግዜብ ላከ። እጃቸውን ታስረው ከፊቱ ቀረቡ፤ ተደፍተው ምሕረት ለመኑ። 150,000 ሩፒ ቅጣት ተጣለባቸውና በ1690 ይቅርታ ተደረገላቸው። የይቅርታው ፊርማን እንግሊዞቹ በትሕትና አቤቱታ ስላቀረቡና ጥፋታቸውን ስላመኑ ይቅር ተባሉ የሚል ነው። የአባቶቻችንን ልጆች ከበባ በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ማግኘቴ፣ አልደብቃችሁም፣ ደስ ብሎኛል። ሲዲ ያቁት ግን የሙጋል ሹም ሆኖ ነው የተዋጋው፤ ከዚያ በላይ አልጨምርበትም።

ቀጥሎ ያለውን ሩብ መቶ ዘመን እዘለዋለሁ። በ1717 ንጉሠ ነገሥት ፋሩኽሲያር፣ ዊልያም ሃሚልተን የሚባል የኩባንያው ሐኪም ካከመው በኋላ፣ ለኩባንያው ትልቅ ፊርማን ሰጠው። በዓመት 3,000 ሩፒ ከፍሎ ቤንጋል ውስጥ ያለ ቀረጥ ይነግድ ተባለ። የኩባንያው ሰዎች ይህን ለኩባንያው የተሰጠ ይለፍ ለግል ንግዳቸው ተጠቀሙበት፤ ለሌላ ነጋዴም ሸጡት። የቤንጋል መዓት ሁሉ ከዚህ ይለፍ ወረቀት ነው የሚመዘዘው።

በ1756 ወጣቱ የቤንጋል ናዋብ ሲራጅ ኡድ ዳውላ ምሽግ መሥራታችሁን አቁሙ ብሎ ወደ ካልካታ ጻፈ። አንዱን መልእክተኛውን እንግሊዞቹ ደብዳቤውን ሳይቀበሉት አባረሩት። ደብዳቤ አለመቀበል ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። ናዋቡ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ካልካታን ያዘ፤ በማግሥቱ ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ፕላሲ ላይ ተሸነፈ።

ከፕላሲ በፊት ግን አንድ የወረቀት ነገር አለ። የኩባንያው ጦር አዛዥ ክላይቭ ናዋቡን ገልብጦ ሚር ጃፋርን ሊያነግሥ ሲዶልት መካከለኛ የነበረው ኦሚቹንድ የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ ድርሻዬ በውሉ ላይ ይጻፍልኝ፣ አለዚያ ምሥጢሩን አወጣለሁ አለ። ክላይቭ ሁለት ውል አስጻፈ፤ አንዱ በነጭ ወረቀት፣ ሌላው በቀይ። የኦሚቹንድ ድርሻ ያለበት ቀዩ ነው፤ ቀዩ ደግሞ ሐሰት ነው። አድሚራል ዋትሰን በሐሰተኛው ላይ አልፈርምም ሲል ፊርማውን አስመስለው ጻፉለት። ድሉ ከተገኘ በኋላ ኦሚቹንድ ቀዩ ወረቀት ማታለያ እንደነበር ተነገረው። ክላይቭ በኋላ ለንደን ላይ ሲጠየቅ መቶ ጊዜ ቢሆን አደርገዋለሁ ብሏል። የሁለት ወረቀት ውል ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ የደብዳቤዎቹ ድምፅ ይለወጣል። ከሚር ጃፋር ቀጥሎ የተሾመው ናዋብ ሚር ቃሲም በ1762 ለካልካታው ገዢ ለቫንሲታርት የጻፈውን ያነበበ ሰው ይህን ይረዳል። ሰዎቻችሁ አገሬን ሁሉ ያውካሉ፣ ሹማምንቶቼን ያዋርዳሉ ይላል። የገበሬውንና የነጋዴውን ዕቃ በሩብ ዋጋ በግድ ይወስዳሉ፤ አንድ ሩፒ የሚያወጣውን ደግሞ ገበሬው በአምስት ሩፒ እንዲገዛቸው ያስገድዱታል ይላል። ሹሙ እርሱ፣ አገሩ የእርሱ፤ አቤት ባዩ ግን እርሱ ሆነ። አቤቱታው አልሰማ ሲል በ1763 ቀረጡን ለሁሉም ነጋዴ አነሣው፤ ህንዳዊውም እንደ እንግሊዙ በነጻ ይነግድ አለ። ኩባንያው ይህን እንደ በደል ቆጥሮ ተዋጋው። በ1764 ቡክሳር ላይ ሚር ቃሲምና አጋሮቹ ተሸነፉ።

ከአጋሮቹ አንዱ ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ ሻህ አላም ዳግማዊ ነበር። በ1765 አላሃባድ ላይ የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን፣ ዲዋኒ የሚሉትን፣ ለኩባንያው ሰጠ። ኩባንያው በለውጡ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ሩፒ ሊከፍለው ተስማማ። በዘመኑ የነበረው ጉላም ሁሴን ኻን እንዲህ ያለ ታላቅ ጉዳይ አንድ አህያ ለመሸጥ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ አለቀ ብሎ በምሬት ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ አሸናፊው ከተሸናፊው ፊርማን ተቀበለ። ቅርጹ ያው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሰጪ፣ ኩባንያው ተቀባይ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምወደው ደብዳቤ ደረስኩ፤ ላልደረሰው ደብዳቤ።

ሻህ አላም መናገሻው ደልሂ ነው፤ እርሱ ግን አላሃባድ ተቀምጧል፤ ደልሂ ሊያስገባው የሚችል ጦር የለውም። ስለዚህ ከክላይቭ በላይ ላለው ጌታ ለመጻፍ ወሰነ፤ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ሣልሳዊ። ጦር ላክልኝ፣ ወደ ዙፋኔ መልሰኝ የሚል ደብዳቤ ነው። ከደብዳቤው ጋር የ100,000 ሩፒ ገጸ በረከት አዘጋጀ። ደብዳቤውን ይዞ የሚሄደው ካፒቴን ስዊንተን ነው፤ ፋርስኛውን የሚያነብና የሚያስረዳ ሙንሺ ያስፈልግ ነበርና ኢተሳሙዲን የተባለ የቤንጋል ሰው አብሮት ተላከ።

ኢተሳሙዲን ጉዞውን በኋላ ራሱ በፋርስኛ ጽፎታል። መርከቡ ባሕር መካከል ከገባ በኋላ ነው ነገሩን ያወቀው። ደብዳቤው የታለ ቢል፣ ክላይቭ ወስዶታል አሉት፤ ገጸ በረከቱ ገና ስላልደረሰ ክላይቭ ራሱ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል ተባለ። ሙንሺው ያለ ደብዳቤ የተላከ መልእክተኛ መሆኑን ተረዳ። መመለስ የለም፤ ባሕር ነው። ለንደን ደረሰ፤ ጠበቀ። ክላይቭም መጣ፤ ገጸ በረከቱን የራሱ አስመስሎ ለቤተ መንግሥቱ አቀረበ፤ ስለ ደብዳቤው ግን ትንፍሽ አላለም። ኩባንያውም ዝምታውን ወደደው፤ ንጉሡ በህንድ ጉዳይ እጁን እንዲያስገባ የማይፈልገው እርሱ ነበርና።

እኔን የሚገርመኝ የክላይቭ ድፍረት አይደለም፤ ድፍረቱን ከቀዩ ወረቀት አውቀነዋል። የሚገርመኝ ኢተሳሙዲን ነው። ሥራው ማዕረግ መደርደር የሆነ፣ ማኅተም የት እንደሚታተም የሚያውቅ ሰው፣ ስንት ወር በመርከብ ተንገላቶ፣ ለንደን ላይ በልብሱ ምክንያት መንገደኛ እየከበበው ሲያየው፣ በእጁ የሚያቀርበው አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለውም። ህንድ ተመልሶም እንደገና ለኩባንያው በሙንሺነት ሠራ። ሻህ አላም በበኩሉ ማራታ በሚባሉት የህንድ ኃይሎች ረዳትነት በ1772 ደልሂ ሲገባ፣ ኩባንያው ዓመታዊ ክፍያውን አቋረጠበት።

በደቡብ ህንድ የማይሶርን አገር ይገዛ የነበረውን ቲፑ ሱልጣንን በአንድ ደብዳቤ ብቻ ላሳልፈው። በ1798 ናፖሊዮን ግብጽ ገብቷል፤ ቲፑ ከፈረንሳዮች ጋር ይላላካል፤ ገዢው ዌልዝሊ ሊወጋው ጦር እያሰናዳ ነው። በዚህ መካከል ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዌልዝሊ ለቲፑ ጻፈ፤ የፈረንሳይ መርከቦች ናይል አፍ ላይ በእንግሊዙ አድሚራል በኔልሰን ተደምስሰዋል፣ በመካከላችን ካለው ፍቅር የተነሣ ይህ የምሥራች እንደሚያስደስትህ አልጠራጠርም አለው። ከዚህ የከፋ ደብዳቤ አላውቅም፤ በጨዋነቱ ነው የከፋው። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ግንቦት 4 ቀን 1799፣ ቲፑ ስሪራንጋፓትና በር ላይ ተገደለ።

ወደ ማኅተሙ ልመለስ። ቤንጋልን ከያዙ በኋላም የእንግሊዝ ገዢዎች የፋርስኛ ማኅተም ላይ "ፊድዊ" የሚል ቃል ነበር። ፊድዊ ማለት ነፍሱን ለጌታው ቤዛ ያደረገ አገልጋይ ማለት ነው፤ ጌታው ሻህ አላም ነው። ብራቸውም እንዲሁ። የቤንጋል ሩፒ የሻህ አላም ስም ነበረበት፤ 19ኛው የንግሥና ዓመቱ ተብሎ የተቀረጸው ቁጥርም ከዓመት ወደ ዓመት ሳይለወጥ ቀረ። ሰውየው በ1806 ሞተ። በስሙ ብር መመታቱ ያበቃው በ1835 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ኩባንያው በህንድ ሕግ ዓይን መሬቱ ላይ የቆመው በፊርማን ነው። ፊርማን ሰጪው ንጉሠ ነገሥት ካልሆነ ዲዋኒው ከማን መጣ? አገልጋይ መባል የርስት ደብተሩ ነበር።

ደብተሩ የማያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ቃሉም ተፋቀ። ከ1813 ጀምሮ ገዢ የሆነው ሎርድ ሄስቲንግስ ፊድዊነቱን ከማኅተሙ አስወጣ። በ1827 ሎርድ አምኸርስት ደልሂ ላይ ከንጉሠ ነገሥት አክባር ዳግማዊ ጋር ሲገናኝ ያለ እጅ መንሻ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። አክባር እንደ አባቱ እንደ ሻህ አላም በቀጥታ ወደ እንግሊዝ ለመጻፍ ሞከረ፤ በ1830 ራሞሃን ሮይን የራጃ ማዕረግ ሰጥቶ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። ይህኛው ደብዳቤ እንኳ ደርሷል፤ ኩባንያው ግን ማዕረጉን አላውቅም አለ። ሮይ በ1833 ብሪስቶል ላይ ሞተ። በ1837 ፋርስኛ ራሱ ከመንግሥት ሥራ ተነሣ።

የመጨረሻው ኸሪታዬ ከጃንሲ ነው። የጃንሲው ራጃ ጋንጋድሃር ራኦ በኅዳር 1853 ሲሞት ልጅ አልነበረውም፤ ከመሞቱ በፊት አንድ ሕፃን በጉዲፈቻ ወስዶ ነበር። ገዢው ዳልሁዚ ደግሞ ያለ ሥጋ ወራሽ የሞተ ራጃ አገር ለኩባንያው ይመለሳል የሚል መመሪያ ይዟል። ባልቴቲቱ ራኒ ላክሽሚባይ ጻፈችለት፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በየካቲት 1854 የጻፈችው ኸሪታ የጠበቃ ሥራ ነው። ለቅሶ የለበትም። በ1817 የተደረገውን ውል ታነሣለች። ውሉ ጃንሲ ለራጃው፣ ለ"ዋሪሳን"ና ለ"ጃንሺናን" ትሁን ይላል፤ ሁለት ቃል ነው ትላለች። ዋሪስ ከእኛው "ወራሽ" ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የሥጋ ወራሽ። ጃንሺን ግን ፋርስኛ ነው፤ በቦታው የሚቀመጥ ማለት ነው። የሥጋ ወራሽ ሲጠፋ በቦታው የሚቀመጥ ጉዲፈቻ ካልታሰበ፣ ሁለተኛው ቃል ለምን ተጻፈ? ውሉን የጻፉት የቃሉን ትርጉም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ትላለች።

ንባቧ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሙንሺ ተጠርቶ ቢጠየቅ ሁለቱም ከእርሷ ጋር ይቆሙ ነበር። ነገር ግን ፋርስኛ ከመንግሥት ሥራ ከተነሣ 17 ዓመት ሆኖታል፤ ውሉን የሚተረጉመው ውሉን የሚያፈርሰው ወገን ነው። መልሱን የእንግሊዙ ወኪል ሻለቃ ኤሊስ ቤተ መንግሥቷ ድረስ ሄዶ አነበበላት፤ ጃንሲ ለኩባንያው ተወስዳለች፣ ለአንቺ በወር 5,000 ሩፒ ይቆረጥልሻል። ራኒዋ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሰማችው። "ጃንሲዬን አልሰጥም" አለች ይባላል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ ደስ ይለኛል።